ጉማሬ አስጎብኚው አሳ ነባሪ ሲመርጥ

ሲያትል ያለችው አክስቴ በቴሌግራም ቮይስ ልካ «አንተ ጉማሬ ለእንግዳ የምታሳይ ሰው አይደለህ እንዴ፣ በል እስቲ አሳ ነባሪውንም አንተ ምረጥልን» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የባሏ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጅማ ሄደው እዛው ናቸው፣ እና እማማን በክሩዝ አላስካ ሊወስዷቸው አስበዋል። መርከቡ በየወደቡ ይቆማል፣ ወርደህ የምታየው ነገር ግን ለብቻው ነው የሚከፈልበት፣ ኤክስከርሽን ይሉታል፣ ዝርዝሩ ደሞ ማለቂያ የለውም፣ አሳ ነባሪ በለው፣ ድብ በለው፣ በረዶ ላይ በውሻ የሚጎተት ጋሪ፣ ሄሊኮፕተር፣ ኧረ ምን የሌለ አለ። እኔ አላስካን በስልክ ካልሆነ አላውቃትም፣ ግን እንስሳ ሊያይ የመጣ ሰው ምን ሲያገኝ እንደሚደሰትና ምን ሲያጣ እንደሚነጫነጭ ጅማ አጠገብ ቦዬ የሚባለው ውሃ ላይ በደንብ አይቻለሁ፣ ስለዚ እሺ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ከእንስሳው በፊት ግን የወረቀት ጣጣ አለ፣ ይቺን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። ከሲያትል የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች አብዛኞቹ የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ፓናማ ምናምን ነው፣ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ህግ ደሞ የውጭ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ሰው ጭኖ የሌላ ሀገር ወደብ ሳይነካ መልሶ እዛው አሜሪካ እንዲያራግፍ አይፈቅድም። በዚ ምክንያት መርከቡ ሲመለስ ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ለጥቂት ሰዓት ቆም ይላል። ሲቲዝን ለሆነ ሰው ምንም አይደለም፣ ግሪን ካርድ ያለውም ካርዱንና ፓስፖርቱን አሳይቶ ያልፋል፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለጉብኝት የገባ ሰው ግን የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል። «እኔ አልወርድም፣ ክፍሌ ተኝቼ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ነገር የለም፣ የሚጠየቁት ገና ሲያትል ሲሳፈሩ ነው። የአሜሪካ ቪዛውም ወጥቶ መመለስ የሚያስችል መሆኑ ይታይ። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት ካርዷን አውጥታ ልትከፍል ነበር፣ «በል ተወው እሺ» አለችና ቪዛው እስኪመጣ ቀኑ ወደ ነሐሴ ተገፋ፣ እሱም ደሞ ለበጎ ሆነ፣ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደ አሳ ነባሪው ስንመጣ፣ አላስካ ላይ በብዛት የሚታየው ሀምፕባክ የሚባለው ነው፣ ትልቁ እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። የፈረንጆቹን ክረምት፣ ብርዱን ወራት ማለት ነው፣ ሃዋይ አካባቢ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነው የሚያሳልፉት፣ እዛ ይዋለዳሉ እንጂ ብዙም አይበሉም፣ ከዛ በሺ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋኝተው የፈረንጆቹን በጋ፣ የኛን ክረምት ማለት ነው፣ አላስካ ሲበሉ ይከርማሉ። ስለዚ ካምፓኒዎቹ «አሳ ነባሪ ካላያችሁ ገንዘብ እንመልሳለን» ሲሉ አትደነቁ፣ ማዕዱ ያለው እዛ ነው፣ ወዴት ይሄዳል። ፎቶው ላይ ግን ሁሌ ከውሃ ወጥቶ አየር ላይ የተንሳፈፈውን ነው የሚለጥፉት፣ ወይ ደሞ ተሰባስበው ከስር አረፋ እየነፉ ትንንሹን አሳ ከብበው አፋቸውን ከፍተው ባንዴ የሚወጡትን፣ እሱ ሲቀናችሁ ነው። በአብዛኛው የምታዩት ትንፋሹን፣ ጀርባውን፣ ጠልቆ ሲገባ ጭራውን ነው፣ የጭራው ስር ላይ ያለው ነጭና ጥቁር ከአንዱ አንዱ ይለያያል፣ ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን በዛ ነው የሚለዩት።

አሁን ዋናው ነገሬ። ቦዬ እንግዳ ይዤ ስሄድ «ጠጋ እንበል» የሚል አይጠፋም። ጉማሬው ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ይተኛል፣ ሰውዬው ስልኩን ዘርግቶ ዙም ያደርጋል፣ ፎቶው ላይ ድንጋይ ይመስልበታል፣ ከዛ «ትንሽ ወረድ ብንል ምን አለበት» ይጀምራል፣ ከፍሏላ። እምቢ ስትለው ያኮርፋል፣ አንዳንዱማ ጉርሻዋንም ይረሳታል። ጉማሬ ደሞ ሲመሽ ሊግጥ ሲወጣ ወይ ሲነጋ ሲመለስ በሱና በውሃው መሀል ከቆምክ ቀልድ አያውቅም። ለኔ ጥሩ አስጎብኚ ማለት ከፋዩን ሰው እምቢ ማለት የሚችል ነው፣ አለቀ።

አላስካ ላይ እምቢታውን ህግ አድርገውታል። ከ2001 ጀምሮ ሀምፕባክን ከ100 ያርድ በታች፣ 91 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ተጠግቶ ማየት ክልክል ነው፣ በሚሄድበት መስመር ቀድሞ ሄዶ ቆሞ እሱ እንዲመጣልህ መጠበቅም እንደዛው። ብልጥ ካፒቴን ሁሉ አስቦት ነበር ማለት ነው። እንስሳው በራሱ ጊዜ ወደ ጀልባው ከመጣ ሌላ ነገር ነው። በዛ ላይ ዌል ሴንስ የሚባል በፈቃደኝነት የሚገቡበት ፕሮግራም አለ፣ እዛ ውስጥ ያሉት ካምፓኒዎች በየአመቱ ይሰለጥናሉ።

እና ሪቪው ሳነብ ከታች ጀምሬ ነው ያነበብኩት። አምስት ኮከብ የሰጠው ሁሉ «ልንነካው ምንም አልቀረንም» እያለ ይጽፋል፣ እሱን ዘለልኩት። አንድ ኮከብ ሰጥቶ «ካፒቴኑ ከሩቅ ሞተር አጥፍቶ አቆመን፣ ጠጋ በል ብንለው እምቢ አለ» ብሎ የተበሳጨ ሰው ያለበትን ሳገኝ ሊንኩን ወዲያው ለአክስቴ ላኩላት። «አንተ ጤነኛ ነህ? ሰው የተናደደበትን ነው እንዴ የምትልክልኝ?» አለች። አዎ ብያለሁ።

የጀልባው መጠን ሌላው ነው። ስድስት ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሾች አሉ፣ ከመቶ ሰው በላይ የሚጭኑ ባለ ሁለት ቀፎም አሉ። ወጣት ብትሆኑ ትንሿን እላችኋለሁ፣ ካፒቴኑን እያወራችሁት ትሄዳላችሁ፣ በሰው ክርንም አትደቆሱም። እማማ ግን ሰባዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው፣ ከትንንሾቹ ሽንት ቤት የሌላቸው አሉ፣ ጉብኝቱ ደሞ ሶስት አራት ሰዓት ነው፣ ስለዚ ትልቁን መረጥን፣ ውስጡ ይሞቃል፣ መስኮት ዳር መቀመጫም አለው። የሚያጥወለውላችሁ ሰዎች ብዙም አትስጉ፣ እዛ አካባቢ ባህሩ በደሴቶች የተከለለ ስለሆነ እንደ ክፍቱ ውቅያኖስ አይንጥም።

ወደቡን በተመለከተ፣ ጁኖ ላይ ከሆነ ጀልባው የሚነሳው ኦክ ቤይ ከሚባል ቦታ ነው፣ መርከቡ ከሚቆምበት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ። መርከባችሁ ሁና የምትባለው የትሊንጊት፣ የአላስካ ነባር ህዝብ፣ መንደር አጠገብ፣ አይሲ ስትሬት ፖይንት የሚቆም ከሆነ ግን እኔ እዛ ነው የምለው፣ አውቶብስ ምናምን የለም፣ አሳ ነባሪዎቹ የሚውሉበት ፖይንት አዶልፈስም ቅርብ ነው። የአክስቴ መርከብ እዛ አይቆምም ነበር፣ ጁኖ ሆነ።

ከመርከቡ ይገዛ ወይስ ከውጭ? ከውጭ ይረክሳል። ግን በመርከቡ በኩል የገዛ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፣ ወይ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሱታል፣ በራሱ የወጣ ሰው ካረፈደ መርከቡ ሲሄድ ከወደቡ ቆሞ ያያል፣ ጁኖ ደሞ ከሌላ ከተማ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የላትም፣ በአውሮፕላን ወይ በጀልባ ብቻ ነው። መሳፈሪያው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። እዚ ላይ የኛ ቤተሰብ ልዩ በሽታ አለ፣ አላስካ ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ መርከቡ የራሱን ሰዓት ሊከተል ይችላል፣ አክስቴ በፈረንጅ ታወራለች፣ እማማ ሰዓታቸው በሀበሻ ነው የተሞላው። አንዱ «አስር ተኩል ተመለሱ» ብሎ ግሩፑ ላይ ቢጽፍ ስንት ትርጉም እንዳለው አስቡት። በመርከቡ ሰዓት ብቻ ይጻፍ ብዬ ፒን አደረግኩላቸው።

ከዛ በነሐሴ ቪዲዮው መጣ። እዚ ጅማ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እዛም ያካፋል። እማማ ሻርፓቸውን በካፖርቱ ኮፍያ ላይ ጠቅልለው የጀልባው ብረት ላይ ቆመዋል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፣ ካፒቴኑ ብቻ በማይክ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ይላል። ድንገት ፍፍፍፍ የሚል ድምጽ፣ ጎማ ሲተነፍስ ያለው አይነት ግን ወፍራም፣ ከዛ ጭጋግ የመሰለ ነገር ውሃው ላይ ቆመ። እማማ «ሱብሃነላህ» አሉ። ነፋሱ ትንፋሹን ወደ ጀልባው ሲያመጣው ደሞ አፍንጫቸውን በሻርፑ ያዙና «ይሄ ደሞ ምን በልቶ ነው?» ሲሉ አክስቴ በሳቅ ካሜራውን ወደሳቸው አዞረችው፣ ጭራው የወጣው ያኔ ነው፣ ቪዲዮው ላይ የለም። እኔ እንደውም ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።

ነሐሴ ለበጎ ሆነ ያልኩት በኬቺካን፣ በሌላዋ የአላስካ ወደብ፣ ምክንያት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ሳልመን አሳ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዙ ሽቅብ ይወጣል፣ ጥቁር ድቦቹ እሱን ተከትለው ወደ ጅረቱ ይወርዳሉ፣ ግንቦት ላይ ቢሄዱ ያን አያገኙትም ነበር። ጃኬት ግን ያዙ፣ ጅማን ዝናባም የምንል ሰዎች በአመት የምናገኘው 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ኬቺካን ከ3,500 በላይ ነው።

ሌላ ቦታ ክሩዝ ለምትሄዱ፣ ካሪቢያን ወደቦች ላይ ከዶልፊን ጋር መዋኘት የሚባለው ብዙው ግቢ ውስጥ የታሰረ ዶልፊን ነው፣ እሱን እኔ አልመርጥላችሁም። ግራንድ ኬይማን ላይ ስቲንግሬይ ሲቲ የሚባለው ግን ያከራክረኛል። አሳ አጥማጆች ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ያጠመዱትን እያጸዱ ትርፍራፊውን ሲጥሉ ስቲንግሬዮቹ፣ ጠፍጣፋ ባለ ረጅም ጭራ አሳዎች ናቸው፣ ለመዱ፣ አሁን ቱሪስት ወገቡ ድረስ ገብቶ ያበላቸዋል። አልታሰሩም፣ ግን ለምደዋል። የሐረሩን ጅብ አስቡት፣ እሱን ደስ ብሎን የምናሳይ ሰዎች እዛ ሄደን ልንፈርድ አይመችም።

የክሩዙ ገንዘብ ለሌለን ደሞ ጅቡቲ አለች። ከህዳር እስከ ጥር አካባቢ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ላይ፣ አርታ ባህር ዳርቻ ፊት ለፊት፣ ዌል ሻርክ ይመጣል፣ አለም ላይ ትልቁ አሳ ነው፣ እዛ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው፣ አራት ሜትር ምናምን። ሰው አይበላም፣ የሚበላው ጥቃቅኑን ነው። ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን ሳትጠይቁ በፊት ባለ ጀልባውን «እንስሳው ጋር ስንደርስ ሞተሩን ምን ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።