መልሱ የተባለው ገንዘብ

ስለ ባልቲሞር ከተማ ፖሊሶችና ዕፅ ነጋዴዎች የሚተርከውን የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ «ዘ ዋየር»ን፣ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ማታ ማታ ከታላቅ እህቴ ጋር እናየዋለን። ትናንት የአንደኛው ሲዝን ስምንተኛ ክፍል ላይ ደረስን፤ በፈረንጆቹ 2002 የወጣ ነው።

ግድያ አለበት። ዕፅ ነጋዴዎችን የሚዘርፈው ኦማር የወዳጁን ደም ይመልሳል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ጥይት ያልተተኮሰበት ቦታ ነው። ፖሊሶቹ ከዕፅ ነጋዴዎቹ ሰፈር የወጣ መኪና ያስቆማሉ። ውስጡ 20,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ! ሹፌሩ የሴናተር ክሌይ ዴቪስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ከላይ ትዕዛዝ መጣ፦ ገንዘቡን መልሱ።

እህቴ ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች። «በቃ? እንዲሁ ሊመልሱት?» አለች። ንዴቷ ንዴቴ ነው። መንገድ ላይ ዕፅ የሚሸጠው ልጅ ይታሰራል፤ የገንዘቡን ዱካ የተከተለ ፖሊስ ግን ተው ይባላል።

ታሪኩ እውነት እውነት የሚሸተው ያለ ምክንያት አይደለም። ደራሲው ዴቪድ ሳይመን የ«ባልቲሞር ሰን» ጋዜጣ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ነበር። አብሮት የሠራው ኤድ በርንስም እዚያው ባልቲሞር የግድያ መርማሪ ነበር። እንዲህ ያለ ድራማ በእኛም ቋንቋ፣ ሥራውን ከውስጥ በሚያውቁ ሰዎች ተጽፎ ባይ ደስ ይለኛል።