የግራ እግሬና የዓባይ ቁልቁለት

አባቴ ያወረሰኝን ዲኤክስ፣ የድሮውን ማኑዋል ቶዮታ፣ 14 ዓመት ነድቼዋለሁ። የሽሮ ሜዳን ዳገት በግማሽ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን የግራ እግር ፔዳል በግማሽ ረግጬ፣ ይዤው ስቆም፣ መኪናው መጎተት የሚጀምርበትን ነጥብ እግሬ ከጫማዬ አልፎ ይሰማው ነበር። ስለዚህ አውቶማቲክ ኮሮላ ስንገዛ ያየኝ ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለኝ፤ «አንቺ ማኑዋል የነዳሽው ሰው፣ ይሄማ ጨዋታ ነው፤ መሪ ይዞ መቀመጥ ብቻ!» አመንኳቸው። ማመን አልነበረብኝም።

ያስቸግረኛል ብዬ የጠበቅኩት እጄ ነበር። እጄ ግን በሁለት ቀን ማርሽ መፈለጉን ተወ። እምቢ ያለው ግራ እግሬ ነው። በሦስተኛው ቀን እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ከሾላ ገበያ ስመለስ፣ አራት ኪሎ ልደርስ ስል መብራቱ ቢጫ ሆነ። ቀኝ እግሬ ወደ ፍሬን ሲሄድ ግራው እንደ ልማዱ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ተነሣ። የአውቶማቲክ መኪና የፍሬን ፔዳል ሰፊ ነው፤ ወደ ግራ ተዘርግቶ የፍሪሲዮኑን ቦታ ይሻማል። እግሬ ያገኘው እሱን ነው። መኪናው በምስማር እንደተመታ ቀጥ አለ። የእናቴ ዘንቢል ተገለበጠ፣ ሽንኩርቱ ከመቀመጫው ሥር ተንከባለለ፣ ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ የተናገረውን አልደግመውም፤ እውነት ግን ነበረው። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ዝም አለች። ከረዳቱ ጩኸት ይልቅ ያስደነገጠኝ የእሷ ዝምታ ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። ግራ እግሬ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተማረው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ፈጥኖ እስከ ታች መርገጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ፍሬንን በጥቂት በጥቂቱ መጫን የሚያውቀው ቀኙ ነው። ግራው ፍሬን ላይ ሲወጣ የሚያደርገው የሚያውቀውን ነው፤ እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ጥፋቱ የፍጥነት ወይም የትኩረት አልነበረም፤ የለመደ እግር የማያውቀው ቦታ ላይ ማረፉ ነው።

እሁድ ማለዳ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ኮንዶሚኒየሙ ባዶ ሜዳ ወጣን። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ባልጠበቅኩት ሰዓት «ቁሚ!» ይላል፣ እኔ እቆማለሁ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሙከራዎች ግራ እግሬ ሦስቴ ተነሣ። እግሬን ከመቀመጫው ሥር ለመሰብሰብ ሞከርኩ፤ አልሠራም፤ ስደነግጥ ከተሰበሰበበት ይወጣል። የረዳኝ ለእግሬ ሥራ መስጠት ነው። በግራ በኩል ጥግ ላይ የእግር ማሳረፊያ አለች። ቀኜ ፍሬን በነካ ቁጥር ግራው ያቺን ማሳረፊያ እንዲጫን አደረግኩት። መጫን የለመደ እግር የሚጫነው ነገር ሲያገኝ ዐረፈ። ይሄን ምክር ከማንም አልሰማሁትም፤ ከማኑዋል ለሚመጣ ሰው ሁሉ ግን ከልቤ እነግረዋለሁ። ሲደክመኝ ልማዱ ስለሚመለስ ወር ሙሉ ሞተር ከማስነሣቴ በፊት «ግራ እግር ማሳረፊያው ላይ» እያልኩ ድምፄን አውጥቼ እናገር ነበር።

ሌላው አዲስ ነገር፣ ይሄ መኪና ቆመ ሲባል አለመቆሙ ነው። ዲኤክሱን መብራት ላይ ማርሹን አውጥቼ ኒውትራል አድርጌ እግሬን ሁሉ አነሣ ነበር። እዚህ ግን በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ኃይል የሚያስተላልፈው በዘይት ነው፤ ሞተሩ እስከሠራና ማርሹ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ እስካለ ድረስ ፍሬኑ ሲለቀቅ መኪናው በራሱ ይሄዳል። አንድ ቀን ለመኪና ጠባቂው ልጅ ገንዘብ ልሰጥ ስዘረጋ ፍሬኑ ላልቶብኝ ፊት ለፊቴ ያለውን መኪና ልነካ ምንም አልቀረኝም። አሁን እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ነው።

ፒን በተመለከተ የሠፈራችን መካኒክ አስተምሮኛል። ዳገት ላይ ሳቆም ፒ አስገብቼ ፍሬኑን እለቅ ነበር፤ ጠዋት ላወጣው ስል ማርሹ «ጓ!» እያለ ይወጣል። «ልጄ፣» አለኝ፣ «ፒ ማለት ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት የብረት ጥርስ ናት። ከአንድ ቶን በላይ ብረት በእሷ ላይ ታንጠለጥያለሽ?» ቅደም ተከተሉን አሳየኝ፤ ፍሬን ተረግጦ ኒውትራል፣ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ የእግር ፍሬኑን ለቆ የመኪናው ክብደት በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ በመጨረሻ ፍሬኑን መልሶ ይዞ ፒ። ሽሮ ሜዳ ላይ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረጌንም አልተውኩም፤ አባቴም ኮሮጆ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ ይዞ ይዞር ነበር። ባትሪ ሲሞት ደግሞ የሠፈር ልጆች ገፍተው ማስነሣት ቀርቷል። በዚህ መኪና የጠፋ ሞተርን ጎማው አያዞረውም፤ ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ማስነሣት ብቻ ነው ያለው።

ይሄን ሁሉ አውቄ ለመድኩት ያልኩት በሦስተኛው ወር ነው። ያኔ ደብረ ማርቆስ ሠርግ ተጠራን። እናቴ ከኋላ፣ ወንድሜ ከጎኔ። በፍቼ መንገድ ከባድ መኪና መቅደም ራሱ ትምህርት ነበር። በዲኤክስ ከመውጣቴ በፊት ሦስተኛ አስገብቼ እዘጋጅ ነበር፤ ይሄኛው ነዳጁን ስረግጠው መጀመሪያ ያስባል፣ ከዚያ ጮሆ ይነሣል። ያቺ አንዲት ሰከንድ ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅም ናት። ከፍታው ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ትረዝማለች፤ በ2,500 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ማርሹ ላይ ያለችውን ኦቨርድራይቭ ማጥፊያ ቁልፍ ቀድሜ መጫን ለመድኩ። ያኔ ካምቢዮው አራተኛውን ትቶ ወደ ሦስተኛ ይወርድና ጉልበቱ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጀመረ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እኔ ዲ ላይ ነኝ። መኪናው ነዳጅ እንዳልነካሁ ሲያውቅ ከፍተኛውን ማርሽ ይዞ መንሸራተት ጀመረ፤ ለመያዝ ፍሬን ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ መልሼ ረገጥኩ። ኩርባ ኩርባውን እንዲህ ስወርድ፣ እናቴ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ቀጥሎ ፍሬኑን ስረግጠው ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ሄደ፣ ለስላሳ ሆነ። ያንን ስሜት እስከ ዛሬ እግሬ ያስታውሰዋል። ወንድሜ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሲስብ፣ እኔ ሰፋ ያለ የመንገድ ዳር አይቼ አስጠጋሁ። እንደምንም ቆምን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር።

ወንድሜ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሲወርድ፣ ከኋላችን ሲመጣ የነበረ የከባድ መኪና ሾፌር አቁሞ «ውሃ እንዳታፈሱበት! የጋለው ብረት ይሰነጠቃል!» እያለ ሮጠ። ወደ መስኮቴ መጣና «እህቴ፣ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርጂው?» አለኝ።

«ማርሽ የለውም፤ አውቶማቲክ ነው።»

«አለው እንጂ!» ብሎ እጁን አስገብቶ በማርሹ አጠገብ ከዲ በታች የተጻፉትን አሳየኝ፤ 2 እና ኤል፤ ሁለተኛና ዝቅተኛው ማርሽ። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ። ምን እንደሆኑ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። በዲኤክስ ቢሆን እዚህ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሳላስገባ እወርድ ነበር? በጭራሽ። አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሾፌሮች ደንብ ነው። ያንን ደንብ ከዲኤክሱ ጋር አብሬ ሸጬው ነበር።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ገደማ ጠበቅን። ሾፌሩ ሥራ እያለው አብሮን ቆየ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ ካላገኘ የፍሬን ሸራው መያዝ ያቆማል፣ የፍሬን ዘይቱም ይፈላል። ፔዳሌ የለሰለሰው ለዚያ ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ እንቆጥባለን ብለው ኒውትራል የሚያደርጉትንም ሾፌሩ አጥብቆ ኮነነ። በኋላ መካኒኩን ስጠይቀው ልክ ነው አለኝ፤ እንደ ኮሮላው በኢንጀክሽን (ነዳጅ እየተረጨለት) የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጁ ካልተነካ መርጨቱን ያቆማል፤ ኒውትራል ላይ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት።

ፍሬኑን ቆሜ ደጋግሜ ረግጬ መጠንከሩን ካረጋገጥኩ በኋላ 2 ላይ አድርጌ ተነሣሁ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለና መኪናው ተያዘ። የዲኤክሱን ድምፅ ነው የሰማሁት። ጠመዝማዛው ሲጠብቅ፣ ፍጥነቴ ዝቅ እንዳለ ኤል አስገባሁ፤ ፍሬን የምነካው ኩርባ መግቢያ ላይ ብቻ ሆነ። በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ እናቴ ዳዊቷን መድገም ጀመረች።

ከሠርጉ ማግስት ስንመለስ ከደጀን አፋፍ ላይ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ቀነስኩ። ድልድዩን አልፈን ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ወርጄም ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ አልኩ። ምንም አይሸትም። እናቴ ከመስኮቱ «እህ?» አለችኝ።

«ደህና ነው፣ እማዬ» አልኳትና ገብቼ ግራ እግሬን ማሳረፊያዋ ላይ አስቀመጥኩ።