«ስለ ለጋስነትዎ እናመሰግናለን»

አንድ ዶላር። ቼኩ ላይ ያለው ይኼው ነው፤ በቁጥርም በፊደልም፣ ጥንቅቅ ባለ የድሮ ሰው እጅ ጽሕፈት።

የምሠራው አሜሪካ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ ነው። የመጣውን ስጦታ ሲስተም ውስጥ አስገባለሁ፤ የምስጋናውን ደብዳቤ ሲስተሙ ራሱ ይልካል። ጊዜው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 መጨረሻ ነው። ሐማስ እስራኤል ላይ ጥቃት ፈጽሞ የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ባለሀብት ማርክ ሮዋን፣ ዩኒቨርሲቲው ፀረ አይሁድነትን በቅጡ አላወገዘም ብሎ፣ ለጋሾች አንድ አንድ ዶላር ብቻ እንዲልኩ ጥሪ አድርጎ ነበር። ነገሩ እኛም ጋ ደረሰ።

እኔ ግን ዜናውን ከቼኩ ጋር አላገናኘሁትም። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ የፖስታ ክምር ፊቴ አለ። 1.00 ብዬ መታሁና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ከቼኩ ግርጌ በስተግራ ያለችውን የማስታወሻ መስመር ዞር ብዬም አላየኋት።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። በ1962 የተመረቁ አዛውንት ናቸው። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። የላክንላቸውን ደብዳቤ ረጋ ብለው ያነቡልኝ ጀመር። «ስለ ለጋስነትዎ እናመሰግናለን። ግቢያችን ለሁሉም ተማሪ እንደ ቤቱ እንዲሆን የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት።» ከዚያ «ወጣቱ፣ ቼኬ ላይ የጻፍኩትን አንብበኸዋል?» አሉኝ። (ሃምሳ ሊሞላኝ ነው።)

ስካኑን ከፈትኩት። «የልጅ ልጄ መዙዛ የት ገባ?» ይላል።

መዙዛ አይሁዶች በር መቃን ላይ የሚሰቅሏት ትንሽ ማኅደር ናት፤ ውስጧ ከኦሪት የተጻፈ ጥቅልል ብራና አለ። ልጅቷ የመኝታ ክፍሏ በር ላይ የሰቀለችውን ሁለት ጊዜ ነቅለው ወስደውባታል። አዛውንቱ ግቢው ውስጥ ለፍልስጤም የሚደረገው ሰልፍ ይከልከል አላሉም። እንዲያውም ሰልፈኞቹ መሀል አይሁድ ተማሪዎች እንዳሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የጠየቁት ስለ በሩ ነው። ሦስት ኢሜይል ልከው ሦስቴም ያንኑ መልስ አግኝተዋል፣ ቃል በቃል።

እውነቱን ልናገር፤ እስከዚያች ቀን «የነሱ ጣጣ» ነበር የምለው። ስልኩን ይዤ ትዝ ያለኝ ግን ጎንደር ነው። አያቴ ጀበና የምትገዛው ከወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች ነበር። ጀበናቸው ይወደዳል። ሲመጡ ግን እኛ ልጆቹ ወደ ጓዳ እንገባለን፤ «ቡዳ ናቸው፣ ይበሏችኋል» ይባላል። ቡናው ያንኑ ቀን በዚያው ጀበና ይፈላል።

የቀሩትን የአንድ ዶላር ቼኮች አወጣኋቸው። ስምንት ነበሩ። አንዷ ምሩቅ ደግሞ ለፍልስጤም የጮኹትን ተማሪዎች ከቀጣችሁ ሳንቲም አታገኙም ብላለች። ለሁለቱም የሄደው ደብዳቤ አንድ ነው። አለቃዬ ጋ ይዤ ስሄድ «ሕግ ክፍል ያረቀቀው መልስ አለ፣ እሱን ላክ» አለችኝ። እሱን ነው እኮ ሦስቴ የላክነው!

ዲሴምበር 5 የሐርቫርድ፣ የፔንሲልቬንያና የኤም አይ ቲ ፕሬዚዳንቶች ኮንግረስ ፊት ቀረቡ። አይሁድ ይጨፍጨፉ ብሎ መጥራት የግቢያችሁን ደንብ ይጥሳል ወይ ተባሉ። መልሳቸው እንደ አውዱ ይወሰናል የሚል ነበር። ምሳ ክፍል ሆነን ነው ያየነው። አለቃዬ ሳንድዊቿን አስቀምጣ ዞራ አየችኝ። በሕግ ዓይን መልሱ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ የአሜሪካ ሕግ ለንግግር ሰፊ ቦታ ይሰጣል። የሚሰማቸው ሰው ግን የጠበቃ መልስ አልነበረም የሚፈልገው። የፔንሲልቬንያዋ ሊዝ ማጊል በ4 ቀን ውስጥ መልቀቂያ አስገባች። የሐርቫርዷ ክሎዲን ጌይ የጥናት ጽሑፏን ከሰው ቀድታለች የሚል ክስም ተጨምሮባት ጃንዋሪ 2 ለቀቀች።

ያንን ምሳ ክፍል ባየን ማግስት አለቃዬ ራሷ ለአዛውንቱ ደወለች። አርባ ደቂቃ አወሩ። የመኝታ ቤቶቹ ኃላፊም ልጅቷን አነጋገራት። የነቀለው ሰው አልተገኘም። አሁን ከ5 ዶላር በታች የሆነ ስጦታ ሲመጣ ደብዳቤው ሰው ሳያነበው አይወጣም፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

አዛውንቱ ባለፈው ዓመትም አንድ ዶላር ላኩ። የማስታወሻዋ መስመር ባዶ ነበረች። ግራ ገባኝና ደወልኩላቸው።