ቅዱስ ሚካኤል ስለቴን ሰማኝ

ባለፈው ኅዳር 12 የተሳልኩትን ጃንጥላ አገባሁ። ባለቤቴ ከአረቄ ተላቆልኛል፤ እልል በሉልኝ!

የምንኖረው ካራ ነው፤ አዲስ አበባ አልቆ ወደ ለገጣፎ በሚያሻግረው መንገድ። አረቄ በየጓሮው ይሸጣል። ባለቤቴ ድሮ የሚጠጣው ከሥራ ሲወጣ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ አልታዘዝ አለው። ቡና ስሰጠው ሲኒው ይርገፈገፋል፤ ግማሹ ሱሪው ላይ ይፈሳል። ልጆቹ እያዩ እንዳላዩ ያቀረቅራሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ፣ ሚካኤልን እለምናለሁ።

አንድ ማለዳ ራሱ “ጸበል ውሰጂኝ” አለኝ። ማንም ሳይነግረው! ጸሎቴ እንደተሰማ ያወቅኩት ያኔ ነው።

እንጦጦ ማርያም ልንወጣ ስንነሳ የንስሐ አባታችን “መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጸበሉ የትም አይሄድም” አሉን። ዕድሜ ይስጥልኝ። ለካ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ቀጥ ሲያደርገው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንቀጠቅጠዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ሊገድለውም ይችላል። ስንቱን “ሰይጣን ያዘው” ብለን ቤት ዘግተንበት ይሆን?

ሆስፒታል አስተኝተው የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጡት። ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ጉበቱም ስብ ይዟል። “ገና ጠባሳ አልሠራም፤ መጠጡ ከቆመ ያገግማል” ስትለን ዶክተሯን አቅፌ ሳምኳት። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበውም እ.ኤ.አ. በ1988 መሆኑን የሰማሁት ከእሷ ነው። እኛ ሰፈር ግን ዛሬም አረቄ ለሆድ መድኃኒት ነው ይባላል።

ከሆስፒታል ሲወጣ እንጦጦ ወጥተን ተጠመቀ። አሁን ከታክሲ ቀድሞ ይወርድና አረቄ ቤት በሌለበት በኩል ዞሮ ይገባል። ደመወዙን ለእኔ ይሰጠኛል። ለእሱ ትንሽ የሚባል መጠጥ የለም፣ ፈጽሞ ማቆም ነው። ታናሽ ወንድሙ ግን ገና እዚያ ስላልደረሰ መቀነስ ጀምሯል፤ ሳይበላ አይጠጣም፣ በየመሃሉ ውሃ ይጠጣል፣ በሳምንት የማይቀምስባቸው ቀናት አሉት፣ “አንድ ዙር በእኔ” ሲሉት ተነስቶ ይወጣል።

እህቶቼ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ የክርስትና ስሙን ላኩልኝ፤ በጸሎቴ አስበዋለሁ። እናንተ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።