ሽንትን ሳያስቀሩ ስለ መሽናት

ፕሮስቴቴ፣ ማለትም ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከቦ ያለው ዕጢ፣ ማደጉ በአልትራሳውንድ ከታየ ወዲህ ከሐኪሜ ጋር ደጋግመን የምንነጋገረው ስለ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ስለ አሸናንም ጭምር ነው። ሽንት አልወጣ ሲል ብዙ ሰው ያምጣል፤ ሆኖም ፊኛ ራሱን በራሱ የሚጨምቅ ጡንቻ በመሆኑ የእኛ ድርሻ ሰውነትን ዘና አድርጎ መውጫውን ማላላት እንጂ መግፋት አይደለም።

ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ሁለቴ መሽናት ነው፤ ይኸውም ሽንቱ ሲቆም ወዲያው ከመነሣት ይልቅ ትንሽ መጠበቅ፣ ወይም ተነሥቶ ጥቂት ተራምዶ መመለስና ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እንደገና መሞከር ነው። በኔዘርላንድስ የላይደን ከተማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር፣ የሽንት ችግር ያለባቸው ወንዶች ተቀምጠው ሲሸኑ በፊኛቸው የሚቀረው ሽንት ቆመው ሲሸኑ ከሚቀረው በአማካይ 25 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል። ቁጢጥ ብለው መሽናትን ከልጅነታቸው ለለመዱት የጅማ ሙስሊም አባቶች መቼም ይህ ምክር አዲስ አይሆንባቸውም። ከውዱእ በኋላ ጠብታ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ሸንቶ ሲጨርስ ከቆለጡ ከረጢት በስተኋላ ያለውን ሥፍራ በጣቶቹ በቀስታ ተጭኖ ወደ ፊት ቢያሻሽ፣ በሽንት ቧንቧው ውስጥ የቀረው ይወጣለታል።

ጅማ ተቀምጦ ጫትን ሳያነሡ ማለፍ ግን አይቻልም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አድሬናሊን ያሉትን የሰውነት ቅመሞች ሥራ ስለሚያበረታ የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፤ በየመን በጤነኛ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናትም ከቃሙ በኋላ የሽንታቸው ፍሰት መዳከሙን መዝግቧል። ጤነኛውን እንዲህ ካደረገ ፕሮስቴቱ ያደገበት ሰው ከበርጫ ተነሥቶ ሽንት ቤት ደጅ ቢጠና ምን ያስደንቃል! ቡና ችግሩ ሌላ ነው፤ መውጫውን አያጠብም፣ ቶሎ ቶሎ ያስሮጣል እንጂ፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ስኒ ብተውም አቦሉን አልተውኩም። ለጉንፋን የሚሸጡ አፍንጫ የሚከፍቱ እንክብሎችም እንደ ጫቱ ፊኛን ስለሚያስቸግሩ፣ መድኃኒት ቤት ሲገቡ ፕሮስቴትዎ ማደጉን አስቀድመው ይንገሩ።

ሆድን በእጅ ተጭኖ ሽንት ማስወጣትን ሐኪም ካላዘዘ በቀር አይሞክሩት፤ ግፊቱ ሽንቱን ወደ ኩላሊት ሊመልሰው ይችላል። ፊኛ ሞልቶ እያመመ ጨርሶ አልሸና ካለ ደግሞ ዘዴ መሞከሩን ትቶ በካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንዲወጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።