የሌላ አገር ሰው ለማግባት የወረቀቱን ጣጣ እንዴት እንደተወጣሁት

እኔና ባለቤቴ የያዝነው ፓስፖርት የተለያየ ነው፣ የተጋባነው ደሞ በሱ አገር። እንደኛ አይነት ነገር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀኝ "ምን ምን ወረቀት ነው ያወጣሽው?" ብሎ ነው። የኔን ሊስት ብነግራችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ እንደምታገቡበት አገር፣ እንደፓስፖርታችሁ፣ ከዚ በፊት አግብቶ የፈታ ካለ ደሞ እንደሱ ሁኔታ ይለያያል። እኔን የጠቀመኝ ቅደም ተከተሉ ነው፣ እሱን ልንገራችሁ።

ሰው ብዙ ጊዜ ካለበት ነው ሚጀምረው፣ የልደት ሰርተፊኬት ያወጣል፣ ያስተረጉማል፣ ማህተም ያስመታል፣ ከዛ ተሸክሞ ይሄዳል። እኛ የጀመርነው ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ከሚቀበለው ቢሮ ነው፣ ማለትም ጋብቻውን ሚመዘግበው ቢሮ። ኤምባሲው አይደለም፣ ትርጉም ቤቱም አይደለም፣ ባለፈው አመት ያገባች ጓደኛችሁም አይደለችም፣ ወረቀቱን አይቶ ይሆናል አይሆንም ሚለው እሱ ቢሮ ነው። ባለቤቴ በራሳቸው ቋንቋ ኢሜይል ጻፈላቸው። የትኞቹ ወረቀቶች ያስፈልጋሉ፣ እያንዳንዱ ከወጣ ምን ያህል ጊዜ ቢያልፈው ነው ምትቀበሉት፣ ምን አይነት ማረጋገጫ ይኑረው፣ ማን ይተርጉመው፣ ኦሪጅናሉን ታስቀሩታላችሁ ወይስ ትመልሱታላችሁ፣ እንደዚ እየዘረዘረ። መልሳቸውን ፕሪንት አድርገን ፎልደሩ ውስጥ ከላይ አስቀመጥነው። እሱ ነው ያዳነን፣ ፋይል ልናስገባ ስንሄድ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሰራተኛ ኢሜይሉ ላይ የሌለ ወረቀት ጠየቀችን፣ የራሳቸውን መልስ ስናሳያት ገብታ ተነጋግራ መጣችና ተቀበለችን። በስልክ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነን ነበር?

"ከወጣ ምን ያህል ጊዜ" ሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል ግን ፕላኑን ሁሉ ሚወስነው እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ልደት ደሞ እንዴት ያረጃል ብዬ ስቄያለሁ። ምክንያት አለው ግን። ፈረንሳይን ብንወስድ ሰው ሲያገባም ሲፈታም የልደት መዝገቡ ጠርዝ ላይ ይጻፍበታል፣ ስለዚ አዲስ ልደት አምጡ ሲሉ በሌላ አነጋገር አሁን ያገባህ ነህ ወይ እያሉ ነው። እዛ ለጋብቻ ሚቀርብ ልደት በመርህ ደረጃ ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ ከሆነ ከ3 ወር፣ ውጭ አገር የወጣ ከሆነ ደሞ ከ6 ወር በላይ ሊሆነው አይገባም። ጀርመንም ለማግባት ምንም እንቅፋት እንደሌለባችሁ ሚገልጸው ሰርተፊኬት 6 ወር ነው ሚያገለግለው። ቀኑ እየሮጠ ደሞ ማህተምና ትርጉም ገና ይቀራችኋል። ስለዚ እኛ ቀን ማያልፍባቸውንና አድካሚዎቹን ቀድመን ጨርሰን፣ ቀን ሚያልፍባቸውን ወደመጨረሻ ገፋናቸው፣ ካላንደሩን ከቀጠሮው ቀን ወደኋላ እየቆጠርን ነው የሞላነው።

ያላገባ ማስረጃ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንዳንድ አገር ከመዝገብ አይቶ በአንድ ቀን ይሰጣል፣ አንዳንድ አገር ጭራሽ እንደዚ ሚባል ወረቀት የለውም። አሜሪካኖች ለምሳሌ መላ አገሪቱን ሚያጠቃልል የጋብቻ መዝገብ ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ወይ ቆንስላ ፊት ቀርቦ ያላገባሁ ነኝ ብሎ ሚምልበትን ወረቀት ነው ሚያቀርቡት። ጀርመን ደሞ አገራችሁ ሰርተፊኬቱን ማይሰጥ ከሆነ በጋብቻ መዝገብ ቢሮው በኩል ለአካባቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት አመልክታችሁ ከሱ ነጻ ሚያደርጋችሁ ወረቀት ታወጣላችሁ። ለማለት የፈለኩት "አገሬ አይሰጥም" ማለት "አልችልም" ማለት አይደለም፣ ብዙ ቦታ መተኪያ መንገድ አለ፣ ግን እናንተ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም። የፈታ ሰው ካለ ደሞ የፍርድ ቤት ውሳኔው ብቻ አይበቃም፣ ይግባኝ ማይባልበት የጸና ውሳኔ መሆኑን ሚገልጽ ነገር ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ማህተም። ሁለቱም አገሮች በፈረንጆቹ 1961 በሄግ የተፈረመው የአፖስቲል ስምምነት አባል ከሆኑ ተገላገላችሁ፣ ወረቀቱ የወጣበት አገር ስልጣን የሰጠው መስሪያ ቤት አንድ አፖስቲል ይለጥፍበታል አለቀ። አፖስቲል ማለት አራት ማዕዘን የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ናት፣ ጎኗ ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር፣ 10 ቁጥር የተሰጣቸው ነጥቦች አሏት። ምታረጋግጠው ፊርማውና ማህተሙ የእውነት የዛ ባለስልጣን መሆኑን ነው፣ ውስጡ የተጻፈው እውነት ነው አትልም፣ ስለዚ አፖስቲል አለኝ ብላችሁ ጥያቄ አይነሳብኝም እንዳትሉ። አንዱ አገር አባል ካልሆነ ግን ሰንሰለቱ ይመጣል፣ ያወጣው ቢሮ፣ ከዛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዛ ወረቀቱ ሚሄድበት አገር ኤምባሲ፣ አንዱ የቀደመውን ፊርማ እያረጋገጠ። አንዱን ዘሎ ማለፍ የለም። አባልነቱን ደሞ ከሰው አትስሙ፣ ስምምነቱን ሚያስተዳድረው ድርጅት፣ የሄግ ኮንፈረንስ፣ ድረገጽ ላይ ሙሉ ሰንጠረዡ አለ። ቻይና ህዳር 2023 ላይ ነው ስምምነቱ የጸናላት፣ ካናዳ ጥር 2024፣ ከዛ በፊት የተጻፈ የሰው ልምድ ለነሱ አይሰራም። አዲስ አባል ሲገባ ነባሮቹ መቃወም ስለሚችሉም ሁለቱም አባል ሆነው በመሃላቸው ማይሰራበት ጊዜ አለ።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ስምምነቱ ኤምባሲና ቆንስላ ራሳቸው ያወጧቸውን ወረቀቶች አይመለከትም። ያላገባ ማስረጃችሁን ቆንስላችሁ ከሰጣችሁ አፖስቲል ልታስለጥፉበት አትችሉም፣ ብዙ ጊዜ ቆንስላው ያለበት አገር ውጭ ጉዳይ ነው ሚያረጋግጠው። ተቀባዩ ቢሮ አፖስቲል ይኑረው ብሎ በደፈናው ከጻፈላችሁ "ወረቀቱ የቆንስላ ነው" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ።

ትርጉሙን ሁሉም ማህተም ካለቀ በኋላ ነው ያሰራነው፣ ምክንያቱም ማህተሙም አብሮ መተርጎም ነበረበት። ትርጉሙ ራሱ ማረጋገጫ ይኑረው ሚሉ ቦታዎችም ስላሉ ይሄንንም በኢሜይሉ ጠይቁ። ሌላው በፍርድ ቤት የተመዘገበ መሃላ ያለው ተርጓሚ ብቻ ሚቀበሉ አገሮች አሉ፣ እነሱ ጋር በራሳችሁ አገር ያስተረጎማችሁት ቆንጆ ትርጉም ዋጋ የለውም። ለተርጓሚው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የፓስፖርታችሁን ኮፒም ስጡት። የኔ ስም ልደቱ ላይና ፓስፖርቱ ላይ በአንድ የላቲን ፊደል ይለያያል፣ በላቲን ፊደል ማይጻፍ ስም ያለው ሰው ሁሉ ሚያውቀው ችግር ነው፣ ለአንድ ፊደል ብለው እኮ ሌላ ሰው ያደርጓችኋል። ፓስፖርቱን ዋና አድርገን ትርጉሙን በሱ አስተካከልን፣ ኦሪጅናሉ ላይ ላለው ልዩነት ደሞ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ሚገልጽ የመሃላ ቃል ጨመርን። ሳይጠይቁን ነው ያያያዝነው፣ ጥያቄም አላነሱም።

ጉዳይ አስፈጻሚ አልያዝንም፣ ወረቀት ማመላለስ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቪዛ ተከልክሎ ሚያውቅ፣ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ያለበት ወይ ከተፈቀደለት ቀን በላይ የቆየ ሰው ካለ ግን ጠበቃ ያማክር፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

ደሞ ጋብቻና ቪዛ ለየቅል ናቸው። ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ መኖር ተፈቀደልኝ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ከገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ ተጋቡ ይላችኋል፣ ከዛ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ ገና እንደአዲስ ታመለክታላችሁ። እኛም ጋብቻው ከተመዘገበ በኋላ ግንኙነታችሁ የእውነት መሆኑን አስረዱ ተብለናል፣ እውነት ለመናገር የግል መልእክቴን ፕሪንት አድርጌ ለማላውቀው ሰው መስጠት በጣም ነው የከበደኝ። ሁሉንም አይፈልጉትም ግን፣ ከተዋወቅንበት ጀምሮ ከየጊዜው ትንሽ ትንሽ መርጠን፣ የጉዞ ቲኬቶችንና ከቤተሰብ ጋር የተነሳናቸውን ፎቶዎች ቀን ጽፈንባቸው አስገባን።

የጋብቻ ሰርተፊኬቱን በተመዘገበበት ቀን ከአንድ በላይ ኦሪጅናል አስወጡ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱም፣ ጋብቻውን በሌላኛው አገር ለማስመዝገብም ይፈለጋል። ስም ለመቀየር ያሰባችሁ ካላችሁ ደሞ ፓስፖርት ስትቀይሩ ቪዛው፣ ባንኩ፣ ዲግሪው፣ የተቆረጠ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቀር ይከተላል፣ መኖሪያ ፈቃዱ ሳይወጣ ባትነኩት ይሻላል። እኔ ከናካቴው አልቀየርኩም። አማቴ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፣ የፎልደሩን ውፍረት ሲያዩ ተዉት።