ተማሪዎቼን ምንጭ ፍለጋ ላስተምር ብዬ የገባሁበት ጣጣ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተምራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ነገር አንገሸገሸኝ። ተማሪዎች ስለ አንድ ሥዕል ጻፉ ሲባሉ ፎቶውን ከፌስቡክ፣ ታሪኩን ከቴሌግራም ያመጣሉ። ማን ሣለው? አሁን የት ነው ያለው? ይህን ያለው ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ መረጃ መፈለግንና ማመዛዘንን ለብቻው ሳይሆን ከኮርሱ ጋር አብሬ ላስተምር አልኩ። ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ወረቀቱ ቀላል ነበር። ኮርስ አውትላይኑን አሻሻልኩ፣ ዲፓርትመንቱ አየው፣ ተፈረመ። የቤተመጻሕፍት ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ጋበዝኩ። ተማሪዎቹ ዳታቤዝ አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ወጡ። በማግስቱ ስጠይቃቸው የሚያስታውስ አልነበረም። የአንድ ሰዓት ሥልጠና ይቅርባችሁ። የጠፋበት ነገር የሌለው ሰው ፍለጋ አይማርም።

ጉዱ የመጣው ከአሳይመንቱ ነው።

አውትላይኑን ያጸደቁልኝ ሰዎች አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። እያንዳንዱ ተማሪ በባለሙያ የተገመገሙ አምስት ጽሑፎችን ይጥቀስ፤ ሁሉም ባለፉት አሥር ዓመታት የታተሙ ይሁኑ። «ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው» አሉኝ። የትኛው ዓለም እንደሆነ አልጠየቅኩም። የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተመጻሕፍት ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን ማዕቀፍ አንብቤዋለሁ። የዓመት ገደብ አያውቅም፤ እንዲያውም የምንጭ ተአማኒነት እንደ አውዱ ይለያያል ነው የሚለው። ይህን እያወቅኩ ፈረምኩ። ሴሚስተሩ ሊጀምር ምንም አልቀረውም ነበር፣ መከራከሩም ደከመኝ። ያ ፊርማ እስካሁን ይቆጨኛል።

ርዕሱ ፍሬ ጽዮን ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ። ስሙን ያወቅነው ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለች የማርያም ሥዕል ላይ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ከዚያ ዘመን በስም የምናውቀው ሠዓሊ ብርቅ ስለሆነ ጥሩ ምርጫ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ ላፕቶፗን ከፈተች። «ቲቸር፣ ይህ ሰውዬ የለም እኮ» አለችኝ። እኔ ጎበዙ «በደንብ አልፈለግሽም» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ቤቴ ሆኜ ልክ እሷ እንደጻፈችው ጻፍኩና ፈለግኩ። ምንም የለም።

ለካስ ችግሩ ስሙ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ ነው። «ጽ»ን አንዱ ካታሎግ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጽፋታል፣ ሌላው «ኤስ» ጽፎ ከሥሯ ነጥብ ያደርጋል። ሳድሷን አንዱ በ«ኢ»፣ አንዱ በተገለበጠ «ኢ»፣ አንዱ በ«አይ» ይጽፋል። «ሬ» ላይ ጭረት የሚያደርግም የማያደርግም አለ። እኔ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከዓመታት በፊት ከአንድ መጽሐፍ ሽፋን ለምጄው ስለነበር፣ ሌላ ሰው ከየት ያመጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የአባት ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አፈወርቅ ተክሌን «ተክሌ» ሥር የሚያስቀምጥ ካታሎግ ስንት አለ! ልጅቷን በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት።

አጻጻፉን ሲያገኙት ደግሞ ደንቡ ጠበቃቸው። ስለ ፍሬ ጽዮን ዋናው መጽሐፍ ማሪሊን ሄልድማን በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። በአሥር ዓመቱ ሕግ አርጅቷል። መጽሐፉን ያገኙት ልጆች እንኳ ነጥብ እንዳይቀነስባቸው ከዋቢ ዝርዝራቸው አወጡት። በምትኩ የገባው ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ሙዚየም አስተዳደር፣ ብቻ አዲስ የሆነ ሁሉ ነው። አንዱ ቻት ጂፒቲን ጠይቆ አምስት የሚያማምሩ ርዕሶች ይዞ መጣ። መጽሔት፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ሁሉም አላቸው፤ ጽሑፎቹ ግን በዓለም ላይ የሉም። ዜሮ ሰጠሁት። አሁን ሳስበው ደንቡን በትክክል ያሟላው እሱ ብቻ ነበር።

ደንቡን ለማስለወጥ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ቀጥሎ በደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። በሦስተኛው ፋይሉን አውጥተው ገጹን ወደኔ አዞሩትና «ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። የኔ ነው። ምን ይባላል? ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ደንቡ ወረቀቱ ላይ አሁንም አለ። ክፍሌ ውስጥ ግን የለም። የምጠይቀው ሦስት ምንጭ ብቻ ነው፣ የፈለገው ዓመት ይሁን፤ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ ሥዕሉን በዓይኑ አይቷል ወይስ ከሌላ ቀድቷል የሚለውን ጽፈው ያመጣሉ። ዊኪፔዲያንም አልከለክልም፣ ከግርጌው ዋቢዎች ጀምራችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቡት እላለሁ። ዳታቤዝ ከመክፈታቸው በፊት የስሙን የላቲን አጻጻፎች ሁሉ ደብተራቸው ላይ ይደረድራሉ። ብራና ከሆነ ደግሞ መለያ ቁጥሩን አስይዟቸው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተመጻሕፍት ብዙዎቹን በነፃ፣ በምዝገባ ብቻ ያሳያል። ቁጥር በስድስት ዓይነት አይጻፍም። ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀብኝ።

ባለፈው ዓመት ስለ ኵርዓተ ርእሱ ሳስተምር፣ መቅደላ ላይ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ የወሰደውን የክርስቶስ ሥዕል ማለቴ ነው፣ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ስላይዴ «1868 ዓ.ም.» ይላል። «ቲቸር፣ በኛ 1868 ከሆነ እኮ አፄ ዮሐንስ ነግሠዋል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ መቅደላ በኛ አቆጣጠር 1860 ነው። ያንን ስላይድ ስንት ዓመት እንዳሳየሁት ልንገራችሁ? ዘጠኝ። ከየት እንደቀዳሁት ፈለግኩ፣ ተማሪ ሳለሁ ከተሰጠኝ ሃንዳውት ነው። ሃንዳውቱ ምንጭ የለውም።